የተጎዳ እግር እንዴት ይመረመራል? እንዴትስ ወደ መራመድ ይመለሳል?

(የመክፈቻ ዜማ፤ የክራር ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ከተሰማ በኋላ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)



የዛሬው ትምህርታችን ስለ እግር ነው፤ ይኸውም ከዳሌ ጀምሮ እስከ እግር ጣት ድረስ ባለው አካላችን ላይ ጉዳት በደረሰ ጊዜ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በምን ሥርዓት እንደሚመረምርና፣ ከምርመራው በኋላ ድዉዩን እንዴት አድርጎ በገዛ እግሩ ወደ መራመድ እንደሚመልሰው ነው።

ለባሕር ዳርና ለአካባቢዋ ሰው ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ማለዳ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚሮጠው ወጣት፣ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ብስክሌቱን የሚነዳው ተማሪ፣ በዘጌ የቡና ጫካ መካከል ድንጋያማውን መንገድ ይዞ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው ምእመን፣ በጢስ ዐባይ እርጥብ ዐለት ላይ ዓይኑን ከፏፏቴው ሳይነቅል የሚረግጠው እንግዳ፣ ሁሉም የሚተማመኑት በሁለት ቁርጭምጭሚቶች ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እግራችሁ ወለም ያለ ቀን መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

(አጭር ዝምታ)

ከእናንተ መካከል ገሚሱ "ወጌሻ ዘንድ ሄጄ እታሻለሁ" ይል ይሆናል፤ ገሚሱም "በጨርቅ አስሬ፣ እስኪሻለኝ ድረስ እተኛለሁ" ይል ይሆናል፤ ጥርሱን ነክሶ "ምንም አይደል" እያለ የሚረግጠውም አይታጣም። በእያንዳንዱ መልስ ውስጥ ጥቂት እውነት፣ ጥቂትም አደጋ አለ። ዛሬ ደጋግሜ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ የተጎዳ እግር በልኩ ካልሠራ አይድንም፤ ልኩንም የሚያሳውቀው ምርመራ ነው።

(ዜማ፤ ጥቂት ሰከንድ)

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አጥንት መሰበሩና አለመሰበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ አገር በኦታዋ ከተማ ያሉ ሐኪሞች፣ ቁርጭምጭሚቱ ከተጎዳ ሰው ሁሉ መካከል ራጅ የሚያስፈልገው የትኛው እንደ ሆነ በእጅና በዓይን ብቻ ለመለየት የሚያስችል ሥርዓት አወጡ፤ ይህም ሥርዓት ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው ይሠራበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቁርጭምጭሚታችሁ ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩትን ሁለቱን አጥንቶች ጫፋቸውንና የኋላ ጠርዛቸውን በጣታችሁ ጫን በሉ፤ እንዲሁም በእግራችሁ መካከል፣ በውጭው ጠርዝ በኩል ጎበጥ ያለችውን አጥንትና በውስጥ በኩል ፊት ለፊቷ ያለችውን ጫን በሉ። አጥንቱ ራሱ ሲነካ ሕመም ከተሰማ ራጅ ያስፈልጋል። ደግሞም ሰውየው በተጎዳበት ሰዓትም ሆነ ወደ ሐኪም ቤት በደረሰ ጊዜ 4 ርምጃ መሄድ ካቃተው ራጅ ያስፈልጋል። ማነከስ መሄድ ነው፤ ስለዚህ እያነከሰ 4 ርምጃ የሄደ ሰው ሄዷል ይባላል።

ልድገመው፦ አጥንቱን ጫን ማለት፤ 4 ርምጃ መሄድ። ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ለሕፃናት፣ ወይም በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው ስሜት ላጣ ሰዎች አይበቃም፤ እነርሱን ሐኪም ይያቸው። እግሩ ቅርጹን የለወጠ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የታየ፣ ጣቶቹ የቀዘቀዙ፣ የገረጡ ወይም የደነዘዙ እንደ ሆነ ግን ሳትፈትኑ፣ ሳታሹ፣ በቀጥታ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መውሰድ ነው።

ስብራት በጀግንነት አይሸነፍም። አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ሁለት ጊዜ ድል ካደረገ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ የእግሩ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፤ ግማሹን መንገድ እንኳ ሳይፈጽም አቋረጠና ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው። አበበን ያህል ሰው በተሰነጠቀ አጥንት ሮጦ መጨረስ ካልቻለ፣ እኛ "ለምዶ ይተወኛል" ብለን በተሰበረ አጥንት ላይ መመላለሳችን ምን ይባላል?

(ዕረፍት)

ስለ ወጌሻ ብዙ ጊዜ ትጠይቁናላችሁና ሳላድበሰብስ ልመልስ። የወጌሻ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ፣ ሐኪም በማይደርስበት አገር ስንቱን ያቆመ ነውና የሚናቅ አይደለም። ውልቃትን በአንድ ስበት የሚመልስ እጅ በእውነት የሠለጠነ እጅ ነው። ወጌሻ ጉዳት የሚያመጣው ግን በሁለት መንገድ ነው፦ አንደኛው ስብራቱን በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር፣ ሁለተኛው ያበጠውንና ትኩስ የሆነውን ጉዳት አጥብቆ ሲያሽ።

የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ እብጠቱ መስፋፊያ ሲያጣ የደሙን መንገድ ይዘጋል፤ ደም ያጣው ሥጋም ይሞትና እግሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። በሀገራችን ከ20 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሐኪም በአካባቢው ያሉትን ወጌሾች ሰብስቦ አላልቶ ማሰርን፣ ጣቶችንም መላልሶ ማየትን ባስተማራቸው ጊዜ፣ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እግር ቁጥሩ ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ ወጌሻውን ከማባረር ይልቅ ማስተማሩ ይበልጣል ባይ ነኝ።

እናንተም በቤታችሁ ልብ በሉ፤ እግር ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ይታዩ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ነጩ ቶሎ ወደ ቀይ ካልተመለሰ፣ ወይም ሕመሙ በየሰዓቱ እየባሰ ከሄደ፣ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ እስኪነጋ አይጠበቅ።

(ዜማ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አሁን ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል እንግባ። በሀገራችን የዚህ ሙያ የዲግሪ ትምህርት ቀድሞ የተጀመረው በጎረቤታችን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የጥንቱ ተቋም ነው። ዛሬ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች በየሆስፒታሉ አሉ። ነገር ግን ሕዝቡ "የማሸት ሐኪም" እያለ ስለሚጠራቸው፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ለመታሸት ብቻ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ሥራ ሲሰጠውም ቅር ይለዋል።

ለመሆኑ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ይመስላችኋል? መንካት? መሳብ?

(አጭር ዝምታ)

መጠየቅ ነው። ጠያቂው ግን ገና ከበሩ ስትገቡ አካሄዳችሁን አይቷል፤ በየትኛው እግር ላይ ረዘም አድርጋችሁ እንደምትቆሙ፣ ወንበሩን ይዛችሁ እንደምትቀመጡ ወይም እንደማትይዙ አስተውሏል። ከዚያ ይጠይቃል፦ እግርህ ወዴት ዞረ? ድምፅ ሰማህ ወይ? እብጠቱ ወዲያው መጣ ወይስ በማግሥቱ? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትምሰል እንጂ ፍሬዋ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም በተጠመዘዘ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚነፋ ጉልበት ብዙ ጊዜ ውስጡ ደም ስለ ቋጠረ ውስጠኛው ጅማት መበጠሱ ያጠራጥራል፤ በማግሥቱ ቀስ ብሎ የሚያብጠው ግን በመጋጠሚያው መካከል ያለችው ልባጥ ተሰንጥቃ ሊሆን ይችላል።

ከጥያቄ በኋላ ማየት፣ ከማየት በኋላ መዳሰስ፣ ከመዳሰስም በኋላ ማንቀሳቀስ ይከተላል፤ ሁልጊዜም የሚጀመረው ከደኅነኛው እግር ነው። ጤነኛውን ያላየ የታመመውን በምን ይመዝነዋል? ጭኑን በሜትር ይለካል፤ የሰለለው ጡንቻ በዚያ ይታወቃልና። የጡንቻንም ኃይል ከ0 እስከ 5 ባለ ደረጃ ይመድባል፦ ምንም የማይኮማተረው 0፣ እግሩን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ የሚበቃው 3፣ እጅ እየተጫነው የሚቋቋም ብርቱው 5 ይባላል።

ለየመጋጠሚያውም የራሱ ፈተና አለው። ጉልበቱን ጥቂት አጥፎ፣ ጭኑን በአንድ እጅ ይዞ፣ ቅልጥሙን በሌላው እጅ ወደ ፊት ሲስበው ያለ መከልከል የሚመጣ ከሆነ የፊተኛው የመስቀል ጅማት እንደ ተበጠሰ ይገምታል። ለተረከዝ ጅማት ደግሞ ሕመምተኛውን በሆዱ አስተኝቶ ባቱን ጨበጥ ያደርገዋል፤ ጤነኛ ከሆነ የእግሩ መዳፍ ወደ ታች ይመታል፤ ተበጥሶ ከሆነ ዝም ይላል።

ይህን ፈተና አትናቁት። የተረከዝ ጅማቱ የተበጠሰበት ሰው በኳስ ሜዳ ላይ "ከኋላዬ ማን መታኝ?" ብሎ ዞሮ ያያል፤ ማንም የለም። ከዚያ በኋላም ጣቶቹን ማንቀሳቀስ፣ እያነከሰም መሄድ ስለሚችል፣ "ወለምታ ነው" ብሎ ሳምንታትን ያሳልፋል፤ ጅማቱም ተራርቆ ይቀራል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እርሱን ነው፦ "ወደ ምን መመለስ ትፈልጋለህ?" ለባሕር ዳር ከነማ የሚጫወት ወጣትና ታንኳ ላይ ጉልበቱን አጥፎ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ፣ ለማኅሌት ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ደብተራና ሸክም ይዛ ገበያ የምትወጣ እናት፣ የሁሉም ጉዳት አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የሚሰጣቸው ሥራ አንድ አይሆንም።

(ዕረፍት፤ የክራር ድምፅ)

ወደ ሕክምናው እንለፍ፤ በወለምታም እንጀምር። ስብራት እንደሌለ ከታወቀ በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት እግሩን ማሳረፍ፣ ከልብ ከፍታ በላይ ማንሣት፣ በፋሻ በልኩ መጠቅለል፣ ሕመሙን ለማስታገስም በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ጥቂት ደቂቃ መያዝ ይገባል። በዚህ ወቅት ማሸትና በሙቅ ነገር መተኮስ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ግን ዕረፍቱ ይበቃል። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ረዥም ዕረፍትን ያዙ ነበር፤ ዛሬ የታወቀው ግን ሕመሙ እስከ ፈቀደ ድረስ ቶሎ መርገጥ ጅማቱን እንደሚያጠነክረው ነው። ተቀምጣችሁ እግራችሁን አንጠልጥሉና በአውራ ጣታችሁ በአየር ላይ ፊደል ጻፉ፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብላችሁ ጀምሩ። ሁሉንም ፊደል በአንድ ቀን አትጨርሱትም፤ መጋጠሚያው ግን በየአቅጣጫው ይፍታታል።

ቀጥሎ ግድግዳ ይዛችሁ በጣቶቻችሁ ጫፍ ተነሡ፣ ቀስ ብላችሁም ውረዱ። ይህ ሲቀልላችሁ በተጎዳው እግር ብቻ ቁሙ፤ ለስንት ጊዜ? ሰዓት ለሌለው አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ድረስ በቂ ነው። ይህን የሚዛን ልምምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሕመሙ ስለ ለቀቀው የዳነ ይመስለዋልና። አንድ ጊዜ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት መላልሶ ወለም የሚለው ግን በዚህ ምክንያት ነው፤ ጅማቱ ቢገጥምም መሬቱን የሚያውቅበት ስሜት ገና አልተመለሰም።

"ስለማመድ ቢያመኝስ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥቂት ሕመም አያስፈራም፤ በሥራው ጊዜ ጀምሮ በማግሥቱ ጠዋት የሚጠፋ ሕመም ልኩን አላለፈም። አድሮ ከባሰ፣ እብጠትም ከጨመረ፣ ሥራው በዝቷልና ቀንሱ። መቀነስ እንጂ መተው አላልሁም።

(ዜማ፤ ጥቂት ሰከንድ)

የልክን ነገር ካነሣሁ አይቀር የተረከዝ ጅማትን ታሪክ ላጫውታችሁ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ከሰከንድ ከመቶ 9 እጅ ብቻ በሚሆን ልዩነት ሲቀድም፣ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር፤ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ይህ ሕመም ሯጭን ሁሉ የሚፈትን፣ ቶሎም የማይለቅ ደዌ ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ በስዊድን አገር ሐኮን አልፍሬድሶን የተባለ የአጥንት ሐኪም በዚሁ ሕመም ሲሠቃይ ኖሮ፣ "ቀዶ ሕክምና ይደረግልኝ" ብሎ ቢለምን አለቃው ስለ ከለከለው፣ "እንግዲያውስ ጅማቱን በጥሼ አስገድዳቸዋለሁ" ብሎ ተረከዙን ከደረጃ ጫፍ ላይ እያንጠለጠለ አብዝቶ ጫነው ይባላል። ሊበጥሰው ያሰበው ጅማት ዳነ! እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው የልምምድ ሥርዓት ከዚያ የተወለደ ነው፦ በደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶች ጫፍ ቆሞ፣ ተረከዝን ቀስ ብሎ ወደ ታች ማውረድ፤ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ተዘርግቶም ታጥፎም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንታት።

ስንት ሳምንት አልሁ? 12። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ ይተወዋል። ጅማት እንደ ጡንቻ ደም የበዛበት አካል ስላልሆነ ፈውሱ ይዘገያል፤ ትዕግሥትም የመድኃኒቱ ግማሽ ነው።

(ዕረፍት)

ጀሶ ስለ ታሰረለት ሰው ጥቂት ልበል። ጀሶ የሚያስረው የተሰበረውን አጥንት ነው፤ ሰውየውን አይደለም። በጀሶ ውስጥ ሳላችሁ ጣቶቻችሁን በየሰዓቱ አንቀሳቅሱ፤ ጉልበታችሁን ወደ ፍራሹ እየጫናችሁ የጭናችሁን ጡንቻ አጠንክራችሁ ያዙና ልቀቁ። የገባም ብረት ካለ መቼ እንደምትረግጡ የሚወስነው ሐኪሙ ነውና ጠይቁት። ባታችሁ በድንገት ቢያብጥ፣ ቢግልና ቢያማችሁ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይም ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

በዚህ ላይ የማልደብቀው ቅሬታ አለኝ። ጀሶው ተፈትቶ፣ ራጁ ታይቶ፣ "አጥንቱ ገጥሟል፣ በሰላም ሂድ" ተብሎ የሚሰናበተው ሰው ብዙ ነው፤ ጉልበቱ ግን እንደ ግንድ ደርቋል፣ ጭኑም ሰልሏል። ለአጥንቱ ይህን ያህል የተደከመለት ሰው፣ ለጡንቻው አንድ ቃል ሳይነገረው ለምን ይሸኛል? እናንተም ስትሸኙ "ከእንግዲህ ምን እሠራለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

መተኛት ራሱ ጉዳት መሆኑን በዚህች ከተማ ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁ ሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር የተከፈተው የሐምሊን የፊስቱላ ማእከል የሚቀበላቸው፣ ቀናትን በፈጀ ምጥ የተጎዱ እናቶች ናቸው። ሰው የሚያውቀው የሽንታቸውን አለመገደብ ነው፤ እግራቸው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በረዥሙ ምጥ የሕፃኑ ራስ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ስለሚጫነው፣ አንዳንዶቹ የእግራቸውን ጣቶች ወደ ላይ ማንሣት ተስኗቸው መሬት እየጎተቱ ይሄዳሉ። ሌሎቹ ደግሞ የሚፈሰውን የሚገቱ መስሏቸው፣ ከሰውም አፍረው፣ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው አጥፈው ለወራት ሲተኙ መጋጠሚያቸው እንደ ታጠፈ ይደርቃል። ለእንዲህ ያለችው እናት ቀዶ ሕክምናው ብቻውን አይበቃትም፤ ጉልበቷ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ሲዘረጋ፣ የእግሯ ጡንቻ ሲሠለጥን፣ አስፈላጊም ሲሆን የሚንጠለጠለው እግር በድጋፍ ሲያዝ ነው በሁለት እግሯ ወደ አገሯ የምትገባው። ይህን የሚሠራው ፊዚዮቴራፒ ነው።

እግራቸው ተቆርጦ ሰው ሠራሽ እግር የሚያስፈልጋቸውም በዚሁ በባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ማእከል አለላቸው። እዚያም ቢሆን እግሩን መግጠም የሥራው መጀመሪያ ነው፤ የቀረውን ጡንቻ ማጠንከርና መራመድን ማስተማር ይከተላል።

(ዜማ ዝቅ ብሎ ይሰማል)

በቀረችን ጥቂት ጊዜ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ መልሱን ብዙ ሰው ይስተዋል። ቀኝ ጉልበታችሁ ቢታመም ምርኩዙን በየትኛው እጅ ትይዛላችሁ?

(አጭር ዝምታ)

በግራው ነው! በታመመው አንጻር ባለው እጅ። የታመመው እግር ሲራመድ ምርኩዙ አብሮት ይውጣ፤ ክብደቱ የሚካፈለው ያን ጊዜ ነው። ቁመቱም ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ እጃችሁን ስትለቁት የእጃችሁ አንጓ የሚደርስበት ይሁን። የካህናት መቋሚያ ለማኅሌት የተሠራ ስለሆነ ይረዝማል፤ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ አባቶች ይቅር ይበሉኝ።

ደረጃ ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ስትወርዱ የታመመው ከምርኩዙ ጋር ይቅደም። አሁን ከመቀመጫችሁ ተነሡና ሞክሩት፤ ወጣ ስትሉ ጤነኛው፣ ወረድ ስትሉ የታመመው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ አረጋውያን ጉልበት፣ በተለይም በጾምና በስግደት ወራት ስለሚብሰው ሕመም እንነጋገራለን፤ ጥያቄ ያላችሁ እስከዚያው ላኩልን።

(የመዝጊያ ዜማ)